ለጋሼ ኩልካርኒ ያላስጎበኘሁት መቅደስ

ላሊበላ ላይ አስራ አንድ ዓመት አስጎብኚ ነበርኩ። ባጅ ያለኝ፣ ቱሪስቱ በስሜ እየጠየቀ የሚፈልገኝ ምናሴ እኔ ነኝ። አንዲት የምኮራባት ዓረፍተ ነገር ነበረችኝ። ቤተ ጊዮርጊስ አፋፍ ላይ እንግዶቹን አቁሜ ዓይናችሁን ጨፍኑ እላለሁ፤ ሦስት እርምጃ አስጠጋና ግለጡ! ሲገልጡ ያቺን እለቃታለሁ፦ «ከአንድ ወጥ ድንጋይ፣ ከጣሪያው ጀምሮ ወደ መሠረቱ የተፈለፈለ ሕንፃ በዓለም ላይ ከዚህ ሌላ የለም!» አንዳንዱ ያለቅሳል። ማንም ተሳስተሃል ብሎኝ አያውቅም። እኔም መሳሳቴን አላውቅም ነበር፤ በዚህ የሚፈርድብኝ ካለ ይፍረድ።

አሁን ዳላስ ነኝ። ዲቪ ደርሶን ከባለቤቴ ከከበቡሽ ጋር መጥተን ካሮልተን አፓርትመንት ይዘናል። እሷ ዌርሃውስ ትሠራለች፣ እኔ እነዳለሁ። ስነዳም አፌ አያርፍም። ተሳፋሪው ጆሮውን በማዳመጫ እስኪደፍን ድረስ አወራለሁ፤ የለመደ ምላስ ምን ይደረጋል።

ከእኛ በታች ባለው ቤት አንድ ሕንዳዊ ሽማግሌ ከልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ቫሳንት ኩልካርኒ ይባላሉ። ልጃቸው አሽዊኒ ኮምፒውተር ላይ የምትሠራ፣ ስልክ ከጆሮዋ የማይለይ፣ ግን ደግ ሰው ነች። የአባቷ ዓይን በግላኮማ እየጠፋ ስለነበር ማክሰኞ ማክሰኞ ሐኪም ያያቸዋል፤ እሷ ደግሞ ማክሰኞ ሚቲንግ አለባት። ሶ፣ አንድ ቀን ደረጃው ላይ አገኘችኝና «አባቴን ታመላልስልኛለህ?» አለችኝ። እሺ አልኳት። እንዲህ ተጀመረ።

የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነው። ሽማግሌን በባዶ ስም መጥራቱ አፌ ላይ አልመጣ ሲለኝ በአማርኛ «ጋሼ» አልኳቸው። ምን ማለት ነው አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ደስ አላቸው። ከዚያ በኋላ ስልክ ሲደውሉልኝ ራሳቸው «ሃሎ፣ ጋሼ ነኝ» ይላሉ፤ ሳቄን እንደምንም እይዘዋለሁ።

በሁለተኛው ማክሰኞ ሰርቲ ፋይቭ አውራ ጎዳና ላይ ትራፊክ ይዞን ቆመናል። አገርህ ምን ትሠራ ነበር አሉኝ። አስጎብኚ አልኳቸው። «የት?» ሲሉኝማ መናገር ብቻ አይደለም፣ እጄን ከመሪው እያነሳሁ አስራ አንዱንም ቤተ ክርስቲያን አስጎበኘኋቸው። ያቺ ዓረፍተ ነገሬ ላይ ስደርስ ጋሼ ሳቁ። የሹፈት ሳቅ አልነበረም፤ የጠፋ ዘመዱን ሳያስበው መንገድ ላይ ያገኘ ሰው ነው እንደዚያ የሚስቀው።

«እኔም እኮ አስጎብኚ ነኝ» አሉኝ። «ሕንድ አገር፣ ኤሎራ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት። ሠላሳ አራት ዋሻዎች አሉን፣ የቡድሃም፣ የሂንዱም፣ የጃይንም። አስራ ስድስተኛው ግን ዋሻ ተባለ እንጂ ዋሻ አይደለም። ካይላሳ ይባላል፤ የሺቫ ቤተ መቅደስ ነው። ተራራውን ከአናቱ ጀምረው፣ መጀመሪያ ጉልላቱን፣ ቀጥሎ ጣሪያውን፣ ቀጥሎ ግድግዳውን፣ በመጨረሻ ከሥሩ የተደረደሩትን ዝሆኖች እየጠረቡ ወረዱ። ከሌላ ቦታ የመጣ ድንጋይ የለም። ሁሉም አንድ አለት ነው። ከላይ ወደ ታች፣ ምናሴ፤ ልክ እንደ እናንተ!»

«መቼ?» አልኳቸው። 

«ስምንተኛው ክፍለ ዘመን። ንጉሥ ክሪሽና ቀዳማዊ። ከእናንተው በአራት መቶ ዓመት ይቀድማል ማለት ነው።»

መኪናው ፈቀቅ ማለት ሲጀምር ከፊቴ ያለውን ለትንሽ ሳልገጨው ቀረሁ። «አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «ምኑ ነው ያልሆነው?» አሉኝ። ብቻ አይደለም!

ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬን ከፈትኩ። እውነት ነው። ፎቶው አለ፣ ዘመኑ አለ፣ ከሁለት መቶ ሺህ ቶን የማያንስ ድንጋይ ሳይወጣ አልቀረም የሚል ግምት አለ። ከላይ የተነሳ ፎቶ ነበር፤ ጉልላቱ ጉድጓድ ውስጥ ቆሞ፣ ሰዎቹ አፋፉ ላይ ተሰልፈው ወደ ታች ያያሉ። ቆሽቴ አረረ። ከበቡሽ ምን ሆነሃል ስትለኝ «አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ለሰው ስዋሽ ኖሬያለሁ» አልኳት። «ሳታውቅ የተናገርከው ውሸት ነው እንዴ? ብላ ይልቅ፣ ወጡ ቀዝቅዟል» አለችኝ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ «ልክ ነዎት» ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል ነች። እኔ ግን ሬዲዮ ከፍቼ ነዳሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ይኸው እስከ ዛሬ ከሁሉ የሚቆጨኝ ዝምታቸው ነው፤ እንደተበሳጨሁ ገብቷቸው ነገሩን ተዉልኝ። አስጎብኚ የእንግዳውን ፊት ማንበብ ይችላላ፣ ባያይም።

ውለን አድረን ወሬው እንደገና ቀጠለ። ምን ልበላችሁ፣ ማክሰኞ እስኪደርስ የምጓጓ ሆንኩ። እኔ ቀን ሰው ሲፈለፍል ማታ መላእክት እጥፍ እየሠሩ እንዳደሩ ነገርኳቸው። እሳቸው የንግሥቲቱን ነገሩኝ። ንጉሡ ታሞ ንግሥቲቱ ለሺቫ ተሳለች፤ ባሌን ካዳንክልኝ ቤተ መቅደስ እሠራልሃለሁ፣ ጉልላቱን በዓይኔ ሳላይ ደግሞ እህል አልቀምስም። ንጉሡ ዳነ። ግንበኞቹ ተጠሩ፤ ጉልላት ለማድረስ ብዙ ወራት ይፈጃል አሉ። ሴትዮዋ በረሃብ ልትሞት ነው። አንድ ጠራቢ ብቻ በሳምንት አሳያታለሁ አለ፤ ከመሠረት ሳይሆን ከአናቱ ጀመረ፣ በሳምንቱ ጉልላቱን አየች፣ በላች። «እኔ ይህን ስናገር እንግዳው ሁሉ ይስቃል» አሉኝ፤ «ከዚያ ቀና ይልና ዝም ይላል። እኔ የምወደው ያንን ዝምታ ነበር።»

እኔም አልሸነፍም። «መልአክ ከንግሥት ይበልጣል» አልኳቸው። «የእናንተ አለት ለስላሳ ስለሆነ ነው መላእክቱ የመጡት፤ የእኛ ባዛልት ነው፣ አይተው ተመለሱ!» አሉኝ። ወይ ጋሼ!

ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው ያን ነገር የጠየቁኝ። አሽዊኒ ኒው ጀርሲ ሥራ አግኝታ በወሩ ሊሄዱ ነው። ዓይናቸው ደግሞ በቀኝ በኩል ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር ሁሉንም ትቷል። ዋይሊ የምትባለውን ከተማ አለፍ ብሎ፣ አዲስ ቤቶች ከሚሠሩበት ሰፈር ጀርባ፣ አንድ የሂንዱ መቅደስ ተሠርቷል። ራሱ አዲስ ነው፤ ድንጋዩ ግን ሕንድ አገር በጥንቱ አሠራር ተጠርቦ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ በመርከብ መጥቶ እዚህ የተገጣጠመ ነው። ልጃቸው አንዴ ወስዳቸው ነበር።

«እንዴት ነው ስላት፣ ደስ ይላል ባባ፣ በጣም ያምራል አለችኝ። አለቀ» አሉኝ። «ሠላሳ አንድ ዓመት ለሰው ሳሳይ ኖርኩ፣ ምናሴ። አሁን የሚያሳየኝ ያስፈልገኛል። በሩ ወዴት እንደሚያይ፣ ምሰሶው ስንት ማዕዘን እንዳለው፣ የዝሆኑ ኩምቢ ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች የሚነግረኝ። እዚህ አገር ይህን የሚችል አንድ ሰው ነው የማውቀው። አንድ ሰዓት ብቻ። ከሄድን በኋላማ ማን አለኝ?»

እሺ አልኳቸው። እሺ ስል ግን ቅር እያለኝ ነው። ዲያቆን ነኝ እኮ፤ ቄስ ባልሆንም ክህነቱ አለኝ። ቤት ገብቼ ለከበቡሽ ነገርኳት። እውነቱን ልናገር፣ አትሂድ እንድትለኝ ፈልጌ ነው። እሷ ግን ሽንኩርት መክተፏን ሳታቆም፣ «ሂድ እንጂ። ዓይነ ስውር ሰው ክንድ ይዞ መምራት ከመቼ ወዲህ ነው ኃጢአት የሆነው? ስገድ አላሉህ» አለችኝ። ሰበቤን ነጠቀችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ፓርክ አደረግኩና ክንዳቸውን ይዤ ወረድን። ነጭ ሸሚዝ በካናቴራ ላይ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን በቅባት አስተኝተዋል፤ ድሮ ሥራ ሲገቡም እንደዚህ ይሆኑ ነበር መሰለኝ። ደረጃው ሥር ጫማ ማስቀመጫ አለ። እንደኛው ነው፣ ጫማ ሳያወልቁ አይገባም። የእሳቸውን አወለቅኩላቸው። የእኔን ለማውለቅ ጎንበስ አልኩ። ሰው ብዙ ነው፤ ቤተሰብ፣ ልጅ፣ አበባ የያዘች ሴት። ጋሼ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳርፈው ፈገግ አሉ፤ እየቀለዱ መሆናቸው ነው፦

«ዛሬ የላሊበላን ታላቅ ወንድም አስተዋውቅሃለሁ። እስቲ ያቺን ዓረፍተ ነገርህን እዚህ በላት!»

ቀልድ ነው። በየማክሰኞው የምንለዋወጠው ዓይነት ቀልድ። ግን አጠገባችን የቆመ አንድ ሰውዬ ሰምቶ ሳቀ፣ ደሜም ፈላ። በዚያች ቅጽበት ምን ነካኝ? አፈር ልብላ! የጫማዬን ማሰሪያ መልሼ አሰርኩና ቀና ብዬ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣ «ጋሼ፣ እኔ ዲያቆን ነኝ። ጣዖት ቤት አልገባም» አልኳቸው።

እጃቸው ከትከሻዬ ላይ ወረደች። ቀስ ብላ ነው የወረደችው፤ የምትይዘው ፈልጋ አየር ላይ ቆየች። ያ የሳቀው ሰውዬ ክንዳቸውን ያዘላቸው። ጋሼ ወደ እኔ ዞረው፣ ማለቴ ወደ ድምፄ፣ «ግድ የለም፣ ገባኝ። መኪናው ጋ ጠብቀኝ» አሉኝ።

ሃይማኖቴ ነው የከለከለኝ ብል ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለነፍስ አባቴም የተናዘዝኩት ይህንኑ ነው፦ አልከለከለኝም። ተሸንፌ ነው። አራት መቶ ዓመት ስለተቀደምኩ ተናድጄ፣ ንዴቴን የክህነት ልብስ አለበስኩት። ነፍስ አባቴ «ሽማግሌውን ይቅርታ ጠይቀሃል?» ነው ያሉኝ።

በሃያ ደቂቃ ተመለሱ። ሰውዬው መኪናው ድረስ አምጥቶ በትህትና አስረከበኝ። መንገድ ላይ «እንዴት ነበር?» አልኳቸው። «ጥሩ ሰው ነው» አሉ። «ብዙ ምሰሶ አለው አለኝ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። እኔም፣ ያ አፉ አያርፍም ያልኳችሁ ሰውዬ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ። በር ላይ ሳወርዳቸው «በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደገና እንሄዳለን፣ እገባለሁ» አልኳቸው። «እሺ ልጄ» አሉ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኤርፖርት ጥሩ ሥራ ነበረ፤ ነዳሁ። ከዚያ የሚቀጥለው ላይ ከቤታቸው ዕቃ እየወጣ ነበር።

ሲሄዱ ደረጃው ላይ አቅፈውኛል። አንዳች ቂም አልነበራቸውም፤ እሱ ነው አንጀቴን የሚበላው። እደውላለሁ አልኩ። አልደወልኩም። ለመደወል ይቅርታው ያስፈልጋል፣ ይቅርታው ደግሞ መቅደሱን ሳላይ ባዶ ነው እያልኩ ሳምንቱን በሳምንት ስገፋ የብርዱ ወራት አለፈ። ከበቡሽ አንድ ቀን፣ «አንተ ሰውዬ፣ ወይ ሂድና እየው ወይ ደውል። እኔ ያንተን ፊት ማየት ሰለቸኝ» አለችኝ።

ኤፕሪል ላይ ሄድኩ። ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። ምንም አልሆንኩም። አልሰገድኩም፣ ማንም ስገድ አላለኝም፤ አንዲት እናት ብቻ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው የመጣኸው? ብላ በሕንፃው ዙሪያ እንዴት እንደሚኬድ አሳየችኝ፣ ቤቱን በቀኝ እያደረጉ። ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። እንደ ሥራዬ ያዝኩት። በእርምጃ ለካሁ፣ ምሰሶ ቆጠርኩ፣ ጥግ ላይ የጠራቢው መዶሻ የሳተበትን ሳይቀር አገኘሁ። በጥንቶቹ መቅደሶች ላይ ያለው ሁሉ ምን እንደሚባል ቤቴ እያነበብኩ አጠናሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ፣ ሰው ሳይበዛ፣ አዳራሹ መሃል ቆሜ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ደወልኩ።

አሽዊኒ አነሳች። «ምናሴ! እንዴት ነህ?» አለችኝ። «ሰምተሃል እንዴ? አባቴን ፌብሩዋሪ ላይ ስትሮክ መታው።»

አልሰማሁም። ከማን እሰማለሁ?

በሕይወት አሉ፣ አልጋ ላይ ናቸው፣ ይናገራሉ፣ ግን እንግሊዝኛው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶባቸዋል አለችኝ። ሐኪሙ እንዲህ ያጋጥማል ብሏታል፤ የቀራቸው የልጅነት ቋንቋቸው፣ ማራቲ ብቻ ነው። «እኔ ደግሞ ከሕፃንነቴ ጀምሮ እዚህ አክስቴ ጋ ነው ያደግኩት» አለች፤ «የእኔ ማራቲ የኩሽና ማራቲ ነው። ብላ፣ ተኛ፣ ያምሃል ወይ፣ ከዚያ አያልፍም። አሁን ነው መማር የጀመርኩት።»

መቅደሱ ውስጥ ነኝ አልኳት። የመጣሁት ላስጎበኛቸው ነው፤ አንቺ ተርጉሚልኝ። እሺ አለችና ስፒከር ላይ አደረገችኝ። ትንፋሻቸው ይሰማኛል፤ ከበድ ያለ፣ ቀስ ያለ።

ጀመርኩ። «ጋሼ፣ ምናሴ ነኝ። በሩ ወደ ምሥራቅ ያያል። የበሩ ደፍ ላይ አፉን የከፈተ የአንበሳ ፊት አለ፣ እሱን ተሻግረን እንገባለን። በመቃኑ ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ቆመዋል፤ ወንዞች ናቸው፣ አንዷ አዞ መሰል ነገር ላይ፣ አንዷ ኤሊ ላይ። ምሰሶው ከሥሩ አራት ማዕዘን፣ ከወገቡ ስምንት፣ ከአናቱ ክብ ነው። ጣሪያው መሃል የተገለበጠ የሎተስ አበባ፣ በሦስት ረድፍ የተከፈተ።» ቀጠልኩ። ዝሆኖቹ ኩምቢያቸውን ወደ ታች ጥለዋል፤ አንዱ ብቻ ከጎኑ ያለውን ዝሆን ጅራት ይዟል። ከአዳራሹ ወደ ውስጥ ሲኬድ ቤቱ እየጠበበ፣ እየጨለመ፣ መስኮት የሌላት ትንሽ ክፍል ውስጥ ያልቃል። «መቅደስ ነች፣ ጋሼ። እኛም ዘንድ እንደዚሁ ነው። ከቅኔ ማኅሌት ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ መቅደስ፣ ብርሃኑ እያነሰ ነው የሚገባው። እዚህ ቆሜ ነው የገባኝ።»

አሽዊኒ አልፎ አልፎ ጥቂት ቃል ጣል ታደርጋለች። ወዲያው ተወችው። «ምሰሶ ምን እንደሚባል አላውቅም» አለችኝ። «ሎተስ ብቻ ነው ያልኩት። ይቅርታ።»

«ግድ የለም» አልኳት። ከዚያ ላለፉት ወራት የያዝኩትን ተናገርኩት። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ያን ጊዜም ልክ ነበሩ። ካይላሳ ይቀድማል። ያን ቀን በር ላይ የጣልኩዎት በሃይማኖቴ አይደለም፣ በትዕቢቴ ነው። ይቅር ይበሉኝ።» አበባ የያዙ ሰዎች በአጠገቤ ያልፋሉ፤ አልቅሻለሁ፣ ምን እደብቃለሁ።

ያን ጊዜ ጋሼ ተናገሩ። አጭር ነገር፣ ጥያቄ የሚመስል። ድምፃቸው ያው ነው፣ አንዲት ቃል ግን አልገባኝም።

«ምን አሉ?» አልኳት።

 «አንተን አውቆሃል» አለች። «በድምፅህ መሰለኝ። ግን... መኪናው መጣ ወይ ነው የሚለው። ወደ መቅደሱ የሚወስደኝ ልጅ መጣልኝ ወይ ይላል።»

ምን ልበል? እዚያ ሁሉ ድንጋይ መሃል ቆሜ አንዲት ነገር ብቻ ነው የመጣችልኝ። «አዎ በይልኝ። መጥቷል በይልኝ።»

ነገረቻቸው። ለዚህ የሚበቃ ማራቲ አላት። ከዚያ የአልጋ ብረት ሲንቋቋ ሰማሁ፣ ብርድ ልብስ ሲጎተት፣ የአሽዊኒን «ባባ! ባባ!»

«ምናሴ፣ ሊነሳ ነው!» አለችኝ። «እግሩን ከአልጋው አውርዷል። መቆም እኮ አይችልም! አሁን ምን ልበለው?»